ቀንድ አውጣና የፈተና ዋዜማ



«የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይላሉ አባቶቻችን። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ መሸምደድ የዚሁ ዓይነት ችኮላ ነው እላለሁ። ለዚህም የምጠራት ምስክር ቀንድ አውጣ ናት።

በአራዳ የምንኖር ሁሉ ቀንድ አውጣን እናውቃታለን። ክረምት ሲገባ በጓሮ ጎመንና በረጠበ የድንጋይ አጥር ላይ ስታዘግም እናያታለን፤ ቀንዷን ስንነካት ወዲያው ትሰበስበዋለች። ብዙ ሰው ንቆ ያልፋታል፤ ሊቃውንት ግን አልናቋትም። የአገራችን ልጅ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያም እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል በምርምር አስረዱ።

እርሳቸው የቀንድ አውጣን አሟሟት ሲመረምሩ፥ በቪየና ተወልደው በአሜሪካ የሠሩት ኤሪክ ካንደል ደግሞ አማማሯን መረመሩ። የመረጡትም አፕሊሲያ የተባለችውን የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ሲኖሩት፥ እርሷ ያሏት 20,000 ያህል ብቻ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ያለ ማጉያ መነጽር እስኪታዩ ድረስ ትልልቅ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነርቭ ሕዋስ መልእክቱን በኤሌክትሪክ ምልክት ይልካል። ምልክቱ ከጫፉ ሲደርስ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያን ጊዜ ሕዋሱ ኬሚካል አውጥቶ ጎረቤቱን ሕዋስ ይቀሰቅሳል። ፖታሲየም ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ምልክቱ ይጠፋል። እንግዲህ የቀንድ አውጣይቱ ጅራት በኤሌክትሪክ ሲመታ ሌሎች ሕዋሳት ሴሮቶኒን የሚባል ኬሚካል ይረጫሉ። ሴሮቶኒንም ፖታሲየም ከሚወጣባቸው በሮች ከፊሎቹ እንዲዘጉ ያደርጋል። ስለዚህ ምልክቱ ቶሎ አይጠፋም፤ ካልሲየም በብዛት ይገባል፤ ለጎረቤት የሚተላለፈውም መልእክት ይበረታል። ከዚያ ወዲያ በቀስታ እንኳ ብትነካ መተንፈሻዋን በኃይል ትሰበስባለች። ተማረች ማለት ይህ ነው።

ትምህርቱ ግን ምን ያህል ይቆያል? ሴሮቶኒኑ አንድ ጊዜ ብቻ ከተሰጠ ብርታቱ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። በየመካከሉ ዕረፍት እየተደረገ አምስት ጊዜ ከተሰጠ ግን በማግሥቱም ይገኛል። ካንደልና ባልደረቦቻቸው ይህን እ.ኤ.አ. በ1986 አሳትመዋል። መደጋገሙ ጂኖችን ቀስቅሶ አዲስ ፕሮቲን ያሠራል፤ በሕዋሳቱም መካከል አዲስ መገናኛ ይበቅላል። ፕሮቲን እንዳይሠራ በመድኃኒት ሲከለከል አጭሩ ትውስታ ይኖራል፤ ረጅሙ ግን አይፈጠርም። ካንደልም እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ።

«ሰው ቀንድ አውጣ አይደለም» የሚለኝ ጓደኛ አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በገዛ ራሳቸው ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተሙት ምርምር፥ ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ መደጋገም በአንድ ቀን ከመደራረብ እንደሚበልጥ አስረድተዋል።

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በፈተና ሰሞን የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው። ተዘግቶ የከረመው ደብተር በዋዜማው ይገለጣል። ተማሪው ያልፍ ይሆናል፤ ከሳምንት በኋላ ግን የተማረው አብሮት የለም። የነገው ሐኪምና መሐንዲስ እውቀቱን በፈተና አዳራሽ ጥሎ ከወጣ አገር ምን ትጠቀማለች?

ከትምህርት በኋላ ቤተሰቡን በሥራ የሚረዳ ተማሪ «ጊዜ የለኝም» ይል ይሆናል። ይህ መንገድ ይልቁን ለእርሱ ይስማማል፤ በታክሲ ሰልፍ ቆሞም ሩብ ሰዓት መከለስ ይቻላልና። መምህሮቻችንንም በትሕትና የምለምነው፥ በመንፈቅ መጨረሻ በአንድ ትልቅ ፈተና ብቻ ከሚመዝኑን፥ በየሳምንቱ በአጫጭር ጥያቄ ያለፈውን ትምህርት እንዲያስታውሱን ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የዛሬውን ትምህርት ዛሬ ማታ፥ ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ፥ ደግሞ በሳምንቱ እንከልሰው። የፈተናው ዋዜማ ሲደርስ በጊዜ እንተኛለን።