ውስብስብ ኮድ ጀግንነት አይደለም!

ጎበዝ፣ በኛ አገር የኮምፒውተር ሰፈር አንድ ክፉ አመል አለ። ኮዱ ለአንባቢ ካልገባ "አቤት ጭንቅላት!" ይባልለታል። እኔ ግን እላለሁ፦ የማይገባ ኮድ ያላለቀ ሥራ ነው።

ካላመናችሁኝ የሊኑክስን ከርነል ጠይቁ። የዛሬ ኮምፒውተር ብዙ ፕሮሰሰር አለው። ሁሉም በአንድ ቆጣሪ ከተሻሙ ሎክ ያስፈልጋል፤ ሎክ ካለ ደግሞ ወረፋ አለ። መፍትሔው ለየፕሮሰሰሩ የራሱን ቆጣሪ መስጠት ነው። የአጅባር ገበሬ ከገዛ ጎተራው ለመዝገን መንደሩን አያስፈቅድም፤ የመንደሩ ድምር ሲፈለግ ብቻ ጎተራ ለጎተራ ይዞራል።

ጣጣው ወዲህ ነው። ፕሮግራሙ የጎተራውን አድራሻ ካሰላ በኋላ፣ ገና ሳይጽፍ፣ ከርነሉ አንስቶ ወደ ሌላ ፕሮሰሰር ሊያዛውረው ይችላል። ያኔ የሚነካው የጎረቤቱን ጎተራ ነው! ስለዚህ ጸሐፊው "ጌት ሲፒዩ ቫር" ብሎ መዛወሩን ያግዳል፣ አንድ ይጨምራል፣ "ፑት ሲፒዩ ቫር" ብሎ ይፈታል። አንድ ቁጥር ለመጨመር ሦስት እርምጃ! መፍታቱን የረሳ ደግሞ ወዮለት።

እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ሊኑክስ 2.6.33 የክሪስቶፍ ላሜተር "ዚስ ሲፒዩ" ትእዛዞች ገቡ። በኤክስ86 ማሽን ላይ አድራሻ ማስላቱም መደመሩም በአንዲት የማሽን ትእዛዝ ያልቃል፤ በ64 ቢቱ ጂኤስ የተባለው ሬጅስተር የየፕሮሰሰሩን ጎተራ ያመለክታል። በአንዲት ትእዛዝ መሀል ገብቶ ማን ያዛውራል? እንዲህ ያለ ትእዛዝ በሌለው ማሽን ላይ ከርነሉ ራሱ ኢንተራፕት ዘግቶ ይደምራል። ጸሐፊው የሚጽፈው ግን ያችኑ አንድ መስመር ነው።

"የቀለለ ነገር ይንቀራፈፋል" ለምትሉ፣ ይኸው ቀለለም ፈጠነም። "ውስጡ ከተደበቀ ተማሪው ምን ይማራል?" ለምትሉም መልስ አለ። ብዙ ቆጣሪዎችን አንድ ላይ የሚነካ ሥራ ዛሬም መዛወርን ማገድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ምክንያቱን ማወቅ ግዴታ ነው። ምክንያቱን በየመስመሩ እየደጋገሙ መጻፍ ግን ዕውቀት ሳይሆን የስህተት ማሳ ነው።

ነገሩ የቆጣሪ ብቻ አይደለም። የሊኑክስ ከርነል ክፍት ነው፤ መካነ ሰላም ያለች ተማሪም እንደ ማንም ልታነበው መብት አላት። የተወሳሰበ ኮድ ግን ይህን መብት በወረቀት ላይ ያስቀረዋል፤ አጥር ሆኖ ከደጅ ይመልሳታል። እናም ጎበዝ፣ አጥር በማጠር መኩራራቱ ይብቃን!