መርፌው በመስተዋት ውስጥ ሳለ
(ግልጽ ደብዳቤ)

ለሕዝብ ጤና ጥበቃ ለተሾሙ ክቡር ባለሥልጣን፤
ባሕር ዳር።

ክቡር ሆይ፤

ቀደም ሲል በአክብሮት ያቀረብናቸው ማመልከቻዎች ከመዝገብ ቤት ስለሚገኙ የነገሩን ሥር እንደገና አልተርክም፤ እኅቴ ከዘጌ በጀልባ ተጭና የመጣችበትን ሌሊት ብቻ አነሣለሁ።

ከኩላሊቶቿ በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ማመንጨት ያቆሙባት፣ ድዷና የመዳፏ መሥመሮች የጠቆሩባት ይህች ሴት፣ ሲያስመልሳት ውላ፣ የደም ግፊቷ ወርዶ፣ ቃል መናገር ተስኗት ከአንድ የጤና ተቋም በደረሰች ጊዜ፣ የአዲሰን ሕመምተኛ መሆኗንና እንዲህ ስትሆን 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን ሳይዘገይ እንዲወጋላት የሚያዝዘውን የሐኪም ጽሑፍ ብሰጠው፣ ተረኛው ሳያነብ አጥፎ መለሰልኝና «ጨጓራ ነው» አለ። መርፌው ጠፍቶ ቢሆን ድህነታችንን በረገምን፤ ነገር ግን ለአስም ሕሙማን ተብሎ እዚያው ክፍል፣ በመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ስሙ ወደ እኛ ዞሮ ተቀምጦ ነበር። ጎሕ ሲቀድ የገባች አንዲት ነርስ ጽሑፉን አንብባ ወጋቻት፣ የጨው ፈሳሽም ሰቀለችላት፤ ከቀትር በኋላ እኅቴ ቀና ብላ ተቀመጠች። ለነርሷ አኰቴት ይድረሳት፤ ስለ ሌሊቱ ግን ክቡርነትዎ የሚሉትን ሕዝብ ይስማ።

ደዌው ብርቅ ነው እንጂ ስውር አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን በ1855 እ.ኤ.አ. የጻፈበት፣ ከአገራችን ያልጠፋው የሳንባ ነቀርሳ ወደ ዕጢዎቹ ተዛምቶ ሊያመጣው የሚችል፣ በመስከረም 1956 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን የተቀበሉት ፕሬዚዳንት ኬኔዲም የነበረባቸው ደዌ ነው፤ መድኃኒቱን ያላጣ ሰው አገር ሲመራበት፣ ያጣው በአንድ ቀን ትውከት ይሞትበታል።

ስንጀምር የለመንነው በየድንገተኛ ክፍሉ ግድግዳ ስለዚህ ደዌ የሚያስረዳ አንድ ወረቀት እንዲለጠፍ ነበር፤ ዛሬ ግን በዚያ አንገታም። የሃይድሮኮርቲሶንና የፍሉድሮኮርቲሶን ክኒኖች በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር የተጻፉ ናቸውና፣ እኅቴ በመንገደኛ እጅ ከአዲስ አበባ ከማስመጣት ታርፍ ዘንድ በዚህ ከተማ ሳይቋረጡ ይገኙ። ከዘጌ እስከ ጎርጎራ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ይሠልጥኑ፤ ከነቀርሳ ድነው እየዛሉና እየጠቆሩ የሚሄዱትም ይመርመሩ። በየገዳማቱ የሚያጠምቁ አባቶች፣ ጸበሉ ከክኒኑ ጋር የማይጣላ መሆኑን ለሕሙማኑ እንዲነግሩ ይለመኑ፤ እንቢ የሚሉ አይመስለኝም። በሐይቁ ላይም ሌሊት ሲጠሩት የሚመጣ የሕሙማን ጀልባ ይመደብ፤ ይህ በዛ ከተባለ፣ እኛን ያሻገረን ዓሣ አስጋሪ ቤንዚኑን ከኪሱ መክፈሉ ይታሰብ።

መልሱንም እንደ ልማዱ «ይታያል» በሚል ቃል ሳይሆን፣ ሕዝብ በሚያነበው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከነቀኑና ከነፊርማዎ እንጠብቃለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሕመምተኛዋ ወንድም