ትንሿ ራውተርና የአባቴ በር

«ራውተር ልገዛ ነው» አልኋቸው አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ለሥራ ባልደረቦቼ። በኮምፒዩተር ክፍል የሚሠራው ወዳጄ የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ ትሪው መልሶ ስለ አንቴና ብዛት፣ ስለ ሲግናል ርቀት፣ ስለ ይለፍ ቃል በሰፊው ያብራራልኝ ጀመር። እስኪጨርስ አዳመጥሁት። «እኔ የምፈልገው እንጨት የሚቦረቡረውን ነው» ስለው ግን ትሪውን የከበበው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። «ቀን ብር ትቆጥራለህ፤ ማታ ግጥም ትጽፋለህ፤ አሁን ደግሞ አናጺ ልትሆን ነው?» አለችኝ አንዷ። ሳቁ ሲበርድ ጥያቄዋ አብሮኝ ወደ መስኮቴ ተመለሰ። የዚህ ገጽ ወዳጆችም ያንኑ ብትጠይቁኝ አይፈረድባችሁም፤ ስለ ቃል እንጂ ስለ መሣሪያ ልትሰሙ አልመጣችሁምና። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ብትታገሡኝ ነገሩ ከመጽሐፍ የራቀ እንዳልሆነ ታያላችሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ያደግሁበት ቤት ፈርሷል። ሲፈርስ ከጭቃውና ከቆርቆሮው መካከል ይዤው የወጣሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዋንዛ በር። እኔ ከመወለዴ በፊት አባቴ ያሠራው፣ በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚጮኽ፣ በአንድ ጎኑ የእኔ ቁመት በየዓመቱ በሚስማር የተጫረበት በር። አባቴ ዛሬ የለም። መጻሕፍቱ ግን አሉ፤ በካርቶን ታሽገው በምኖርበት ኮንዶሚኒየም አልጋ ሥር ተኝተዋል። ከዚያ በር ለእነዚያ መጻሕፍት መደርደሪያ ልሠራ አሰብሁ። በሩ አንድ ነው። ቢበላሽ ምትክ የለውም። መሣሪያ መምረጥ ለእኔ እንደ ዋዛ የሚታይ የገበያ ጉዳይ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መሣሪያውን ለማያውቀው ላስተዋውቅ። ራውተር ሞተር ነው፤ ከሞተሩ ጫፍ ስለታም ቢት ይታሰርበታል፤ ቢቱም በደቂቃ ከ10,000 እስከ 30,000 ጊዜ ይሾራል። በእንጨት ላይ ሲሄድ ቦይ ይቀዳል፣ ስል ጠርዝ ያለዝባል፣ የመደርደሪያው ጣውላ የሚገባበትን መስመር ይከፍታል፣ ለሚችልበት ደግሞ ፊደል ይቀርጻል። ስሙ በእንግሊዝኛ አሳማ በአፍንጫው አፈር ሲምስ ከሚነገርለት ግሥ ጋር ዝምድና አለው፤ ሥራውን ላየ ስሙ አይከፋበትም።

ትንሹ ዓይነት መጀመሪያ የታሰበው በጠረጴዛ ላይ የሚለጠፈውን ፎርማይካ ከጠርዙ ጋር ልክ አድርጎ ለመከርከም ነበር። የቃል ወዳጅ ለሆነ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ቁምነገር አለ። ፎርማይካ በ1912 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲፈለሰፍ የተፈለገው ለጠረጴዛ አልነበረም፤ ማይካ የተባለውን ማዕድን ተክቶ የኤሌክትሪክ መከለያ እንዲሆን ነበር። ስሙም «በማይካ ፈንታ» እንደ ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህንን ግን ያወጡት መሐንዲሶች ናቸው። ለአንድ ነገር ተወልዶ ለሌላ ነገር መዋል የሰው ብቻ ዕጣ እንዳልሆነ ያየሁት በዚህ ነው።

አሁን አቋሜን ላስቀምጥ። በቤቱ፣ ለራሱ፣ በትርፍ ሰዓቱ እንጨት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ራውተር ትንሹ መሆን አለበት። ሲመርጥም የፈረስ ጉልበት ቆጥሮ አይምረጥ።

የዚህ ተቃራኒ ሐሳብ በመርካቶ በየሱቁ ይሰማል። «ትልቁ የትንሹንም ይሠራል፤ ትንሹ ግን የትልቁን አይሠራም» አለኝ አንድ ነጋዴ። ሙግቱ ሲሰሙት ያሳምናል። በሁለተኛው ግማሽ ልክ ነው፤ በመጀመሪያው ግን ተሳስቷል። ትልቁ ራውተር አራት ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ቁመቱ ረጅም ነው፤ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የጣውላ ጠርዝ ላይ ሲያስኬዱት ግማሽ መቀመጫው በአየር ላይ ይንጠለጠላል። ለአንድ አፍታ ካጋደለ የሚነክሰውን ሥጋ ኮላም ብርጭቆ ወረቀትም አይመልሰውም። ትንሹ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ አካባቢ ነው፤ እጅ ወገቡን ጨብጦ ወደ እንጨቱ ቀርቦ ይይዘዋል። በሰፈሬ ያሉ አንድ አረጋዊ አናጺ ነገሩን ባጭሩ ነገሩኝ። «ጋሼ፣ ጉልበቱ አያንስም ወይ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እንጨት የሚያበላሸው ጉልበት ማነስ አይደለም፤ የማትገዛው ጉልበት ነው» አሉኝ።

ከጉልበት ይልቅ የምመለከታቸው አምስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ቢቱን አንቆ የሚይዘው አንገት ነው፤ ኮሌት ይሉታል። በገበያችን የ6 ሚሊ ሜትር፣ የ8 ሚሊ ሜትርና የሩብ ኢንች ኮሌት ያላቸው መሣሪያዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሩብ ኢንች ማለት 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። ከስድስቱ የሚለየው በ0.35 ሚሊ ሜትር፣ ሦስት አራት የመጽሐፍ ቅጠል ቢደራረብ በሚሆነው ውፍረት ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ንቄ ባለ 6 ሚሊ ሜትሩን ቢት በሩብ ኢንቹ ኮሌት አሰርሁት። የጠበቀ መሰለኝ። በቁራጭ ባሕር ዛፍ ላይ ስሞክረው በአምስት ሚሊ ሜትር ጥልቀት የጀመረው ቦይ በመጨረሻው አሥር ደረሰ፤ ቢቱ እየተንሸራተተ እየወጣ ነበር። ጥቂት ብቆይ ኖሮ በዚያ ፍጥነት ተስፈንጥሮ ይበር ነበር። ዋንዛው ላይ ባለመሆኑ አምላኬን አመሰገንሁ፤ ዓይኔም በመትረፉ እንዲሁ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ኮሌቱ ስንት እንደ ሆነ ጠይቁ፤ በአቅራቢያችሁ የሚሸጠው ቢት ከየትኛው ጋር እንደሚሄድም አረጋግጡ። ቢት የማይገኝለት መሣሪያ ቀለም የማይገኝለት ብዕር ነው።

ሁለተኛው የፍጥነት ማስተካከያ ነው። የቦሽ ጂኬኤፍ 550 በደቂቃ 33,000፣ የማኪታ 3709 ደግሞ 30,000 ዙር ብቻ ያውቃሉ፤ ቀላልና ጠንካራ ናቸው፤ ለክርከማ ይበቃሉ። ባለ 710 ዋቱ የማኪታ አርቲ 0700 ግን ከ10,000 እስከ 30,000፣ ባለ 900 ዋቱ የዲዋልት ዲ 26200 ደግሞ ከ16,000 እስከ 27,000 ድረስ ይስተካከላሉ። ለምን ይጠቅማል? ስሌቱን የባንክ ሰው ነኝና ልሥራላችሁ። 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቢት በ30,000 ዙር ሲሾር የጠርዙ ፍጥነት በሰከንድ ዘጠኝ ሜትር ተኩል ያህል ነው። 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቢት በዚያው ዙር በሰከንድ ሠላሳ ዘጠኝ ሜትር ይሄዳል፤ ይህም በሰዓት አንድ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ቢቱ ሲሰፋ ዙሩ መቀነስ አለበት። አለበለዚያ እንጨቱ ይቃጠላል፤ እጅም ይሸበራል። ዋንዛ ደግሞ ሲቃጠል የሚጠቁረው ጥቁረት በቀላሉ አይለቅም።

ሦስተኛው የጥልቀት መቆለፊያው ነው። በሱቁ ውስጥ ስፒናውን ሳትሰኩ ሞተሩን ከፍ ዝቅ አድርጉት፤ ከዚያ ቆልፉትና በሁለት አውራ ጣታችሁ ግፉት። ከተነቃነቀ መልሱት። የሻጩን ፊት አትዩ።

አራተኛው መለዋወጫ ነው። የብዙዎቹ ሞተር በካርቦን ይሠራል፤ ካርቦን ደግሞ ያልቃል። ካርቦኑ ከውጭ በኩል በቀላሉ የሚፈታ መሆኑን፣ በከተማውም የሚገኝ መሆኑን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ምን እንደ ሆነ በመስኮቴ ፊት የቆመ ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። የተሳሳተ ምርጫ ዛሬ ከትናንት ይልቅ ውድ ነው።

አምስተኛው ቮልት ነው። ይህን የተማርሁት በጭስ ነው። አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ሐሳቤን ሰምታ አንድ ቆንጆ መሣሪያ ላከችልኝ። ቼክ ሲቀርብልኝ እያንዳንዱን አኃዝ ሁለቴ የማነብ ሰው የመሣሪያውን ታርጋ አንድ ጊዜ እንኳ አላነበብሁም። 120 ቮልት ይላል። ከእኛ ቤት ሶኬት የሚወጣው 220 ነው። እንደ ጅብ ጮኸ፤ ጨሰ፤ ዝም አለ። ጥፋቱ የላኪዋም የሠሪውም አይደለም፤ የእኔ ነው። በውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ለ220 ቮልት የተሠራ ካልሆነ አታስልኩ። ካስላካችሁ ደግሞ አቅሙ ከመሣሪያው የሚበልጥ ትራንስፎርመር ግዙ፤ ያም ከራውተሩ የበለጠ ሊከብድ ይችላል። ለአክስቴ ልጅ እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገርኋትም። ይህን ካነበበች ይቅር ትበለኝ።

«በባትሪ የሚሠራውስ?» የሚል አይጠፋም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚያው ኩባንያ ሌላ መሣሪያና ባትሪ ያለው ሰው ያለ ባትሪ አካሉን ብቻ ቢገዛ ይጠቀማል። ምንም ለሌለው ግን ባትሪውና ቻርጀሩ ዋጋውን ያንረዋል፤ ባትሪም ያረጃል። በደመወዝ ለሚኖር ሰው ሽቦ ያለው ይሻላል ባይ ነኝ። መብራት ሲጠፋ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ መቀመጥ ነው፤ እንጨት በትዕግሥት የተጎዳበትን ጊዜ አላየሁም።

ትንሹ የማይችለውንም ልናገር። ወፍራም የበር ፓኔል ቅርጽ ማውጣት፣ ጥልቅ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ መብሳት የእርሱ ሥራ አይደለም። ለዚያ ትልቅ ማሽን ካለበት እንጨት ቤት ሄዶ ከፍሎ ማሠራት ያዋጣል። ትንሹን በጥቂት በጥቂቱ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እያስጠለቁ፣ እንጨቱን በሞርሳ አስሮ፣ መነጽር አድርጎ፣ በውጭ ጠርዝ ላይ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ አቅጣጫ መንዳት ነው። ከቢቱ ዙር ጋር አብሮ ከሄደ መሣሪያው ይሮጥባችኋል፤ ተቃራኒውን ከሄደ ይታዘዛል።

ወደ ባልደረባዬ ጥያቄ ልመለስ። በሳቋ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ግን አሮጌ ነገር ነበረበት። እጁን ለሥራ የሚያነሣ ሰው ከሚጽፈው ያንሳል የሚል አሮጌ ነገር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለ እጆች እንዳይሰደቡ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። እኛ የመጽሐፍ ወዳጆች ነን የምንል ሰዎች መጽሐፉን እንስመዋለን፤ መደርደሪያውን የሠራውን ሰው ግን ስሙን አንጠይቅም። የአባቴን በር የሠራው አናጺ ማን እንደ ነበር አባቴን ሳልጠይቀው ቀረሁ። አሁን የሚጠየቅ ሰው የለም። በሩን ስፈታው ብቻ አንድ ሚስማር ሳይጠቀም እንጨቱን ከእንጨት ጋር እንዴት እንዳዋደደው አየሁ፤ ያለ መሣሪያ ብዛት፣ በመሮና በመጋዝ ብቻ። የእኔ 710 ዋት ሞተር በዚያ ሰው እጅ ፊት አፍሯል።

አዎን፣ በመጨረሻ የገዛሁት ባለ 710 ዋቱን ነው፤ ኮሌቱን ሁለቴ፣ ቮልቱን ሦስቴ አንብቤ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤቶቼን አስፈቅጄ፣ በጋራ መተላለፊያው ጫፍ ሠራሁ። ሰጋቱራውን ራሴ ጠረግሁ። ቦዮቹ ስምንት ሚሊ ሜትር ይጠልቃሉ፤ አንዱ ትንሽ ጠማማ ነው፤ እርሱንም ወድጄዋለሁ። ቁመቴ የተጫረበትን ጎን ግን ቢት አልነካውም። በመደርደሪያው ቀኝ በኩል እንዳለ ቆሟል፤ ቫርኒሽም አልቀባሁትም። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ መጥታ አጠገቡ ቆመችና ቁመቷን ከእኔ መስመሮች ጋር ለካች። ከሰባት ዓመቴ በሁለት ጣት ትበልጣለች። ሚስማር አምጥቼ ከአባቴ ጭረት አጠገብ አዲስ ጭረት ጫርሁላት።

ካርቶኖቹ ተከፍተዋል። መጻሕፍቱ ቆመዋል። ያን ዕለት ማታ የጻፍኋትን ይህችን ታህል ትቼላችሁ ልሰናበት፦

ስንቱን ሰው ያስገባ ስንቱን ያሰናበተ፣
የአባቴ የዋንዛ በር እንደገና ተከፈተ፤
ማጠፊያው ወልቆበት ቁልፉ ቢጠፋበትም፣
ገጽ በገለጥሁ ቁጥር መጮሁን አልተወም።

ቸር እንሰንብት።