ሐውልቱን ማን አቆመው? ማንስ ጣለው?

በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. የልዑል ራስ መኮንን ሐውልት ሐረር ላይ ከነፈረሱ ወደቀ። በዚያው ሰሞንም ለንደን ካኒዛሮ መናፈሻ ውስጥ የነበረው የልጃቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የደረት ሐውልት ተሰባበረ። ስለ ሐረሩ ሐውልት አንዱ ወገን «ታሪክ ተገደለ» ብሎ ያለቅሳል፤ ሌላው «ጨቋኝ ወደቀ» ብሎ ያጨበጭባል። እኛ ግን ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ሸሽተውታል እንላለን።

በመጀመሪያ ለሚያለቅሱት። ሐውልቱን የሠራው ክሮኤሺያዊው ቀራጺ አንቱን አውጉስቲንቺች ነው፤ የቆመውም በልጃቸው ዘመነ መንግሥት ነው። ራስ መኮንን በ1888 ዓ.ም. በአምባላጌና በዓድዋ የተዋጉ ጀግና መሆናቸውን የሚክድ የለም። ነገር ግን እኒሁ ጀግና ሐረርን ለመግዛት የበቁት በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። አያቱ ጨለንቆ ላይ የወደቀበት የሐረር ልጅ በዚያ ፈረስ ሥር ሲያልፍ ምን ይሰማው ነበር? ልጅ አባቱን ማክበሩ የተገባ ነው። የአደባባይ ሐውልት ግን የእልፍኝ ፎቶግራፍ አይደለም!

አሁን ደግሞ ለሚያጨበጭቡት። በሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል ሕዝብ ያዘነው ሐዘን እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ገዳዮቹን የደበቃቸው ነሐሱ ነውን? ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ሲወርድ እንኳ ሐውልቱ ቆሞ ቀርቷል። በ2012ቱ ሁከት ግን የወደቀው ነሐስ ብቻ አልነበረም፤ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ቤትም ተቃጥሏል። ሐውልት በገመድ መጎተት የለመደ እጅ ነገ በማን ላይ እንደሚነሣ ማን ዋስ ይሆናል?

ለጨለንቆ ሰማዕታትም በፈረስ መጋላ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እንግዲህ ሐረር ሁለት ትዝታ በአንድ ግንብ ሥር መሸከም ችላ ነበር ማለት ነው። ከተማይቱ የቻለችውን እኛ የተማርነው እንዴት ያቅተናል?

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። ሐውልት ሲቆምም ሆነ ሲነሣ የከተማው ሕዝብ በግልጽ ይምከርበት። የሚቆመው ከሥሩ ሙሉ ታሪኩ ይጻፍበት፤ ዓድዋም፣ ጨለንቆም። የሚነሣውም ወደ ሙዚየም እንጂ ወደ ጉድጓድ አይጣል። መምህራኖቻችን ሆይ፣ ሁለቱን ጦርነቶች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ድፍረት አስተምሩን።

ሐውልትን በትእዛዝ ማቆምም፣ በገመድ መጣልም ይብቃ!