ጎረቤትና እንግዳ በፓርክ በር ላይ

ባለፈው ዓመት የባዮሎጂ ክፍል ተማሪዎች ለመስክ ጥናት በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙት ብሔራዊ ፓርኮች ወደ አንዱ ተጉዘን ነበር። ሌሊት ተነሥተን፣ ዳቦና ውኃ ይዘን፣ ረጅም መንገድ በአውቶቡስ ከሄድን በኋላ በፓርኩ በር ተሰለፍን። ትኬት ቈራጯ እኅታችን መታወቂያችንን እያየች አንድ በአንድ አሳለፈችን። ከመካከላችን አንድ ተማሪ ብቻ ቀረ።

ይህ ጓደኛችን የተወለደው በደቡብ ሱዳን ነው። ገና በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ድንበር ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ መጣ፤ በዚያም በስደተኞች ጣቢያ እያደገ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ ከእኛ ጋር ዩኒቨርሲቲ ገባ። እነሆ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ መኝታ ክፍል አብሮን ያድራል፤ በአንድ ገበታ ይመገባል፤ ፈተና ሲደርስ ደብተሩን ያውሰናል። በበሩ በተለጠፈው የዋጋ ሰሌዳ ላይ ግን ኢትዮጵያዊ፣ ነዋሪ የውጭ ዜጋና የውጭ አገር ጎብኚ የሚሉ ሦስት ተራዎች ብቻ ነበሩ። የጓደኛችን የስደተኛ መታወቂያ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም ተባለና ከሦስቱ ከፍተኛውን ዋጋ ተጠየቀ። በመካከለኛው ተራ ቢቈጠርም እንኳ ከእኛ ዋጋ በላይ መክፈሉ አይቀርም ነበር።

መምህራችን «አዋጥተን እንክፈልለት» ብለው ኪሳቸውን ዳበሱ። እርሱ ግን «ግዴለም፣ እናንተ ግቡ፤ እኔ እዚሁ ሆኜ ወፍ እቈጥራለሁ» አለ። ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ስንመለስ በበሩ አጠገብ ካለው ግራር ሥር ተቀምጦ አገኘነው። የጥናቱን ሪፖርት ከእኛ ደብተር ገልብጦ ጻፈ፤ ያላየውን ነገር የጻፈ ተማሪ የሚያገኘው ማርክም የታወቀ ነው።

ይህን የምንጽፈው ትኬት ቈራጯን ለመክሰስ አይደለም። እርሷ የታዘዘችውን አደረገች፤ ያደረገችውም በትሕትና ነበር። የምንጽፈው ሰሌዳውን ያዘጋጁ ሰዎች «የውጭ ዜጋ» የሚለውን ቃል ሲያሰፍሩ ማንን አስበው እንደ ነበረ ለመጠየቅ ነው።

በመጀመሪያ አቋማችንን ግልጽ እናድርግ። የውጭ አገር ሰው ከአገሬው ሰው የበለጠ መክፈሉ በደል አይደለም። ፓርኮቻችን የተጠበቁት በማን ዋጋ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው በዚህ ሊከራከር አይችልም። አዋሽ በ1950ዎቹ መጨረሻ ፓርክ ሆኖ ሲከለል የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት የነበረውን መሬት አጡ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ ከዚያ ዝርዝር ለመውጣትም እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ሃያ ዓመት ፈጀበት። በዚህ መካከል በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች የአያቶቻቸውን ቀዬ ለዋልያው ለቅቀው ደባርቅ ሰፈሩ። ገበሬው እርሻውን፣ አርብቶ አደሩ ግጦሹን ከሰጠ፣ ግብር ከፋዩም የጥበቃውን ደመወዝ ከከፈለ፣ እነዚህ ሰዎችና ልጆቻቸው በበሩ ሲደርሱ በአነስተኛ ዋጋ ቢገቡ ቀድመው ከፍለዋልና ነው። ከሩቅ አገር ለሁለት ሳምንት የመጣው ጎብኚ ግን ከዚህ ዕዳ ምንም አልቀመሰም፤ ስለዚህ በበሩ ላይ ቢከፍል ፍትሕ ነው።

እንግዲህ የዋጋው ልዩነት ምክንያት ይህ ከሆነ ጥያቄው የሚነሣው በመካከለኛው ተራ ላይ ነው። ነዋሪ የውጭ ዜጋ ማን ነው? በአንድ ስም የሚጠሩት ሰዎች በኑሯቸው እጅግ የተለያዩ ናቸው። አንደኛው በዓለም አቀፍ ድርጅት ተቀጥሮ ደመወዙን በዶላር የሚቀበል ባለሙያ ነው። ሁለተኛው በብር ደመወዝ የሚያስተምር፣ ከደመወዙም እንደ ማንኛችንም አባት ግብር የሚቈረጥበት የውጭ አገር መምህር ነው። ሦስተኛው እንደ ጓደኛችን ያለ፣ ደመወዝ የሌለው ስደተኛ ተማሪ ነው።

በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የሆነውን እናስታውስ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 1,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው ገቢው በብር ሲታሰብ ከ57,000 ብር ተነሥቶ ከ100,000 ብር በላይ ሆነለት። ብር የሚቀበለው መምህር ግን የዳቦና የዘይት ዋጋ ሲወደድበት እንደ እኛው ቤተሰብ ቀበቶውን አጠበቀ። ስደተኛው ተማሪማ የሚያጠብቀው ቀበቶም የለውም። እነዚህን ሦስት ሰዎች ፓስፖርታቸው የኢትዮጵያ ስላልሆነ ብቻ በአንድ ሚዛን መመዘን ሚዛኑን ማበላሸት ነው።

ሌሎች አገሮች ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅማል። ሩዋንዳ ተራራ ላይ የሚኖሩትን ጎሪላዎች የማየት ፈቃድ በ2017 እ.ኤ.አ. ከ750 ወደ 1,500 ዶላር ከፍ አደረገች። ይሁን እንጂ በኋላ ለነዋሪ የውጭ ዜጎችና ለአፍሪካ አገሮች ዜጎች 500 ዶላር፣ ለራሷና ለምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ዜጎች ደግሞ 200 ዶላር የሚል ዋጋ አወጣች። ዋጋውን በጨመረችበት በዚያው ዓመት ከፓርኮቹ ገቢ ለአካባቢው ሕዝብ የሚደርሰውን ድርሻ ከመቶ 5 ወደ መቶ 10 አሳደገች። ዋጋ ሲጨመር ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ አብሮ መነገሩ ለእኛ ታላቅ ትምህርት ነው።

አሜሪካም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ የሎስቶንና ግራንድ ካንየን ባሉ 11 ታላላቅ ፓርኮች 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ የውጭ ጎብኚ ከመደበኛው ዋጋ በላይ 100 ዶላር እንዲከፍል ደንግጋለች። የዓመቱ የመግቢያ ካርድ ለነዋሪ 80፣ ለውጭ ሰው 250 ዶላር ሆኗል። ነገር ግን በዚያ ደንብ መለያው ዜግነት ሳይሆን ነዋሪነት መሆኑን ልብ እንበል። ግሪን ካርድ ወይም በአንዱ ክፍለ ግዛት የተሰጠ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው እንደ ነዋሪ ይቈጠራል። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ቢሆንም መንጃ ፈቃዱን አሳይቶ በ80 ዶላሩ ካርድ ይገባል ማለት ነው። የእኛ ልጅ በሰው አገር የሚያገኘውን የጎረቤት ዋጋ እኛ በአገራችን አብሮን ለሚማር ልጅ መንፈጋችን ሊያሳስበን ይገባል።

ከሩቅ ሳንሄድም የራሳችን ሕጎች መንገዱን ጠርገውልናል። አዋጅ ቁጥር 270/1994 የውጭ ፓስፖርት የያዘውን ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ እንዲኖርና ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ ፈቅዶለታል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ ስደተኛው የመማር፣ የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት እንዳለው ደንግጓል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ፋይዳ ቍጥርን ለዜጋ ብቻ ሳይሆን በአገሪቱ ለሚኖር ሰው ሁሉ የሚሰጥ አድርጎታል፤ ለስደተኞችም መሰጠት ጀምሯል። አገሪቱ በሕጓ «ከእኛ ጋር የሚኖር» ብላ የቈጠረችውን ሰው የፓርክ በር «እንግዳ ነህ» ሊለው አይገባም።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ያነሡ ይሆናል። የመጀመሪያው አገራችን የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ያስፈልጋታል። ነገር ግን ስደተኛው ተማሪ ዶላር የለውም። በበሩ ላይ የቀረው ጓደኛችን ለፓርኩ አንድም ሳንቲም አላስገባም፤ በእኛ ዋጋ ቢገባ ኖሮ ግን ጥቂትም ቢሆን በከፈለ ነበር። ከፍ ያለ ዋጋ ገቢ የሚሆነው ሊከፍል ከሚችል ሰው ላይ ሲጠየቅ ነው፤ ከማይችለው ላይ ሲጠየቅ የተዘጋ በር ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ በበሩ ላይ የቆመ ሠራተኛ የእያንዳንዱን ሰው ደመወዝና ኑሮ ሊመረምር አይችልም የሚል ነው። ይህም ተገቢ አሳብ ነው። እኛም ደመወዝ ይመርመር አንልም። የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ተማሪን ከሌላው ይለያል፤ የስደተኛ መታወቂያ ስደተኛን ይለያል፤ የሥራ ፈቃድም መምህሩን ከዲፕሎማቱ ይለያል። ሦስቱም በአንድ እይታ የሚነበቡ ወረቀቶች ናቸው። የጐደለው በሰሌዳው ላይ አንድ መሥመር ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ በአገራችን በሚገኝ በማናቸውም ትምህርት ቤት የሚማር የውጭ ዜጋና በሕግ የተመዘገበ ስደተኛ የፓርክ መግቢያ በኢትዮጵያዊ ዋጋ ይክፈል።

ሁለተኛ፤ በብር ደመወዝ የሚያገለግልና ግብር የሚከፍል ነዋሪ የውጭ ዜጋ ከዜጋው ዋጋ ብዙ የማይርቅ መካከለኛ ዋጋ ይክፈል። በውጭ ገንዘብ የሚከፈለው ነዋሪ ለጎብኚው ዋጋ የቀረበ ይክፈል፤ ጎብኚውም ሙሉውን ይክፈል። በዚህ ማንም ሊከፋ አይገባውም።

ሦስተኛ፤ ከጭማሪው ገቢ ስንት እጁ ለጥበቃ፣ ስንት እጁ ፓርኩን ለሚያዋስነው ሕዝብ እንደሚውል በዚያው በር ላይ በአማርኛ፣ በአካባቢው ቋንቋና በእንግሊዝኛ ይለጠፍ። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ እንግዳ ሳያጉረመርም ይከፍላል፤ ድርሻውን የሚያውቅ ገበሬም ለዋልያውና ለቀይ ቀበሮው ጠበቃ ይሆናል።

ይህ ለመንግሥት ሰዎች ነው። ለራሳችንም የምንለው አለን። የማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ይህን አሳብ በደብዳቤ አዘጋጅቶ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። መምህሮቻችን የመስክ ጥናት ሲያዘጋጁ የውጭ ዜጋ ተማሪዎችን ስም አስቀድመው ለፓርኩ ጽፈው ፈቃድ ቢያገኙ፣ ማንም ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ከሰልፍ አይወጣም። እኛ ተማሪዎችም በዚያ ቀን ያደረግነውን መመርመር አለብን። እርሱን ትተን መግባታችን ትክክል ነበርን? አንዳንዶቻችን አብረነው መቅረት ነበረብን። ቢያንስ ከመነሣታችን በፊት ዋጋውን ጠይቀን የጉዞውን ወጪ በእኩል መካፈል በቻልን ነበር። ይህን ያላሰብነው ልባችን ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ የእርሱን እንግድነት ስለ ረሳነው ነው። የረሳነውም የእኛው ወገን ስለ ሆነ ነው። በሩ ግን አስታወሰን።

የዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ከጎረቤቶቹ ጋር ያለው ታሪክ አጭር አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት በሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድል ከምሥራቅና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ተማሪዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከአባቶቻችን ጋር ተምረዋል። እነርሱ ይዘውት የመጡት የነፃነት ክርክር የኢትዮጵያን ተማሪዎች ምን ያህል እንዳነቃ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበውታል። ያን ጊዜ በራችንን ከፈትን፤ የገባው ሰው ብቻ ሳይሆን አሳብም ነበር። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች በአገራችን ይኖራሉ። ከእነርሱ መካከል ነገ የዱር እንስሳት ተመራማሪ፣ የድንበር ተሻጋሪ ፓርክ ኃላፊ፣ የባሮን ረግረግ የሚጠብቅ ሰው ሊወጣ ይችላል። በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን መካከል በየዓመቱ የሚመላለሰው ነጭ ጆሮ ቈርኬ ፓስፖርት አይጠየቅም፤ እርሱን የሚያጠናው ተማሪ ግን ተጠየቀ።

አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላሉ። ለእንግዳ ዋጋ ይኑር፤ ለጎረቤት ግን የጎረቤት ዋጋ ይውጣለት። በሚመጣው የትምህርት አጋማሽ የክፍላችን ተማሪዎች ለሁለተኛ ጊዜ ወደ መስክ እንወጣለን። ያ ጓደኛችን ደብተሩን ከአሁኑ አዘጋጅቷል። በዚያ በር ላይ ሁላችንም በአንድ ሰልፍ እንድንገባ፣ አለዚያም ሁላችንም በአንድ ግራር ሥር እንድንቀመጥ ከወዲሁ እንስማማ።