ምስክሯ አይጥ ናት

«የቻይና ባህላዊ ሕክምና ሳይንስ አይደለም የምትሉ ሰዎች፣ ኖቤሉን ምን ልታደርጉት ነው?» አለ እንግዳው በሬዲዮ። ጋዜጠኛው ዝም አለ። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ ሆኜ «ኧረ ተው!» ብዬ ጮህኩ፤ አጠገቤ የነበሩት እናት ዞረው አዩኝ።

አዎ፣ ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። በምን? የበሽተኛ አንጓ ይዘው ምት በማዳመጥ ነው? ጉበት እንጨት፣ ልብ እሳት፣ ኩላሊት ውሃ ነው ብለው? ወይስ «ቺ» የሚባለው ኃይል የት እንደታገደ በመርፌ ፈልገው?

ሴትዮዋ የሠሩት ሌላ ነው። ቻይና በ1967 እ.ኤ.አ. በምስጢር የጀመረችውን የወባ መድኃኒት ፍለጋ ሲቀላቀሉ፣ ወደ 2000 የሚሆኑ የድሮ ማዘዣዎችን ሰበሰቡ። ከ200 ገደማ ዕፅዋት 380 ያህል ጭማቂ አውጥተው ወባ በያዛቸው አይጦች ላይ ሞከሩ። አብዛኛው ወደቀ። ጪንግሃው የሚባለው ቅጠል ራሱ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ከዚያ የጥንቱ ቻይናዊ ሐኪም ጌ ሆንግ ከ1600 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የጻፈውን መጽሐፍ ገለጡ፤ ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ፣ ጨምቀህ ጠጣ ይላል እንጂ አፍላው አይልም። ሙቀቱ ይሆን መድኃኒቱን የሚያጠፋው? በ35 ዲግሪ በሚፈላ ኤተር አወጡት። በኦክቶበር 1971 እ.ኤ.አ. 191ኛው ናሙና የአይጦቹን ወባ ጠራርጎ አጠፋ።

መጽሐፉ ጥርጣሬ ሰጥቷል፤ አልክድም። የፈረደችው ግን አይጥ ናት። ኤተሩ ጠርሙስ ውስጥ የባህላዊ ሕክምናው ዪን እና ያንግ የት ተቀምጠው ነበር?

የሬዲዮው እንግዳ ስለ አንዷ ቅጠል እየደሰኮረ ስለወደቁት ትንፍሽ አይልም። የአንድ ልጅ ካርድ ሰፈሩን ሁሉ ያሳልፍ ይመስል፣ በዚያች ሜዳሊያ ምት ማዳመጡንም፣ ምላስ ማየቱንም፣ መርፌውንም ሊሸጥልን ይፈልጋል። ከዚያች ቅጠል በተገኘው መድኃኒት ላይ የተመሠረተውን ኮአርተም ኢትዮጵያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለወባ ትሰጣለች። ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርሷ ጣትህን ወግታ ደም ትመረምራለች፤ ምላስህን አውጣ ብላ የጉበትህን እንጨትነት ስትለካ አይተህ ታውቃለህ?

ጋዜጠኛው እንግዳውን ድጋሚ ካመጣው አንድ ጥያቄ ይጠይቅልኝ፦ 191ኛዋን ሰምተናል፤ ከእሷ በፊት የወደቁትስ የት ገቡ?