«ወና» ያላት ማነው?

ሰው ለቆት የሄደ ቤት በኛ ዘንድ «ወና» ነው። ወና ከተባለ ደግሞ «ጋኔን ሰፍሮበታል» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ፈረንጅም ከዚህ አመል ነፃ አይደለም።

ሊዶ የተባለው ረጅም ደሴት የባሕሩን ማዕበል በሚከላከልለት በቬኒስ ጸጥተኛ ውኃ ላይ፣ ዛፍ የዋጣት ፖቬሊያ የምትባል ደሴት አለች። ስፋቷ 7 ሄክታር ያህል ነው፤ ነዋሪ የላትም። የአሜሪካ ቴሌቪዥን በሌሊት ካሜራ ይዞ ሄዶ የመናፍስት መናኸሪያ አደረጋት። የአፈሯ ግማሽ የሰው አመድ ነው ይባላል። ያበደ ሐኪም ከደወሉ ማማ ራሱን ወርውሯል ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ!

ታሪኩማ ሌላ ነው። ፖቬሊያ ሰው ነበራት፤ ቬኒስ ከጄኖቫ ጋር ስትዋጋ በ1379 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ነዋሪዎቿ ወደ ጁዴካ ተዛወሩ። ወረርሽኝ የያዛቸው መርከበኞች እንዲገለሉባት የተደረገው በ1793 ነው። ቬኒስ የወረርሽኝ ሕሙማኗን የምታስገባበት፣ በ1423 የተቋቋመው ሆስፒታል ያለው በሌላ ደሴት ነው፤ በ2007 ከ1,500 በላይ አፅም የተገኘውም እዚያው እንጂ ፖቬሊያ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ፖቬሊያ አዛውንቶች የሚታከሙባት ነበረች፤ በ1968 ተዘጋች።

ታዲያ በተረቱ ማን ተጎዳ? ትሉኝ ይሆናል። መናፍስት ብቻ የሚኖሩበት መሬት ወራሽ የለውም፤ ወራሽ የሌለውን ማንም ይጫረትበታል፤ የኔ ሙግት ይኸው ነው። በ2014 የጣሊያን መንግሥት ደሴቲቱን ለ99 ዓመት ሊያከራያት ጨረታ አወጣ። ከፍተኛውን ዋጋ፣ 513,000 ዩሮ፣ ያቀረቡት ባለሀብቱ ሉዊጂ ብሩኛሮ ነበሩ። መንግሥት አነሰኝ ብሎ ውድቅ አደረገው። (ሰውየው በዓመቱ የከተማው ከንቲባ ሆነው ተመረጡ።)

«ከምትፈርስ ባለሀብት ቢያለማት ምናለበት?» የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። እኔም የፈረሰ ጣሪያ አልወድም። ግን 99 ዓመት ማለት የዛሬ ሕፃን የልጅ ልጁን ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ዘበኛ ያገኛል ማለት ነው። ቬኒሳውያኑ ይህ ገብቷቸው «ፖቬሊያ ለሁሉም» የሚል ማኅበር አቋቋሙ፤ አንድ ሰው 99 ዩሮ እያዋጣ በሺህ የሚቆጠር አባል ተሰበሰበ። ገንዘቡ ከባለሀብቱ አልበለጠም። ግን አልተበተኑም፤ በ2025 የደሴቲቱን ሰሜናዊ ክፍል ለ6 ዓመት ተረከቡ።

ሊሠሩባት ያሰቡት ሆቴል አይደለም። ማንም በጀልባ መጥቶ ከዛፎቹ ሥር የሚቀመጥበት መናፈሻ ነው።